የዋሱ ዋስ የሆንኩበት እሑድ

በዚያ እሑድ ቤቴ የነበሩት እነዚህ ናቸው። የሟቹ ባለቤቴ ታላቅ ወንድም፣ ቅዳሜ ከቡሬ በበቅሎ መጥተው ያደሩት። ከቅዳሴ ወጥተው በቀጥታ የመጡት የነፍስ አባቴ። ፍርድ ቤቱ ደጅ ተቀምጠው ማመልከቻ የሚጽፉት ሰው፣ ቀለማቸውን በጠርሙስ ይዘው። በትምህርት ቤታችን ሒሳብ የሚያስተምረው ሕንዳዊ ወጣት። ከእሱ ጋር አንድ ግቢ ተከራይቶ የሚኖረው የመንገድ ሥራ ግሬደር ነጂ። ልጄ። እኔ። የተጠራ ሌላ ሰው አልነበረም፤ ጎረቤቶቼ ግን በአጥሬ ሥር ሥራ እንደበዛበት ሰው ሲመላለሱ ዋሉ።

የተሰበሰብነው ልጄ ከሕንዱ አስተማሪ ጋር ወደ አገሩ የምትሄድበትን መንገድ ለመወሰን ነበር። መንገድ ስል አውሮፕላኑን ማለቴ አይደለም። በምን ስም እንደምትገባ ነው፤ በሚስትነት፣ በእጮኛነት ወይስ በተማሪነት። ዘመኑ የጃንሆይ ነው፣ ከባሕር ማዶ የመጡ አስተማሪዎች በየከተማው የነበሩበት። ፍኖተ ሰላምም ሁለት ሦስት ሕንዶች ነበሩ። የእኛ ሰው ከነጭ ጋር ሲጋባ በወሬ ሰምተን እናውቅ ይሆናል፤ ከሕንድ ጋር የተጋባ ግን በወሬም አልሰማንም።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት በአባቴ ቤት ሳለሁ ከአንድ ዲያቆን ነው። ካገባሁም በኋላ ጥቂት ዓመት ተምሬአለሁ፤ ከዚያ አልፌ አልሄድኩም። የማውቀው የበርበሬ ንግድ ነው። ባለቤቴ ከሞተ ጀምሮ ከጅጋና ከቡሬ ገበያ በርበሬ እየሰበሰብኩ በጭነት መኪና ወደ አዲስ አበባ እልካለሁ። በባሕርዬ ፈሪ ነኝ። ሰው አይቶት የሚያልፈውን ነገር እኔ ሦስት ጊዜ እመለስበታለሁ፤ በር ዘግቼ ወጥቼ መዘጋቱን ለማየት ተመልሼ እመጣለሁ። በንግዴ ላይ ደግሞ አንድ ሕግ አለኝ፤ ስሜን ያልጻፍኩበት ጆንያ መኪና ላይ አላስጭንም። አንድ ጊዜ ሹፌሩ ቸኩሎ አንድ ጆንያ ሳልጽፍበት ተጫነ። ከሁሉ ጠፍቶ የቀረው እሱ ነው። የማን እንደሆነ ስላልታወቀ የማንም ሆነ።

ልጄ ደብረ ማርቆስ ተምራ በከተማችን ጤና ጣቢያ ድሬሰር ሆና፣ ቁስል እያሰረች መርፌ እየወጋች፣ ትሠራ ነበር። አባቷ ሳይሞት ሳትማር እንዳላድራት አስምሎኝ ስለነበር፣ እኩዮቿ ሁለት ሦስት ልጅ ሲወልዱ እሷ በነጭ ጋዋን ትውል ነበር። አስተማሪውን ያወቀችው ወባ ይዞት ሲመጣ ነው። መርፌ ሲወጋ ያልጮኸ ወንድ ያገኘችው እሱን ብቻ እንደሆነ ስትነግረኝ ነገሩ ቀልድ መስሎኝ ነበር። በኋላ ወባው ሲለቀው እንኳ መምጣቱን አልተወም።

እኔን መጀመሪያ ያስጨነቀኝ ሃይማኖቱ ነው። ሆኖም ሰውየው ክርስቲያን ሆኖ ተገኘ። ፍልሰታን ይጾማል፣ እሑድ እሑድ ጫማውን አውልቆ ከወንዶቹ ጋር ይቆማል። የነፍስ አባቴ ጠርተው ብዙ ጠየቁት። የእነሱ ቤተ ክርስቲያን ከእኛ ጋር አንድ እምነት እንዳላት፣ ከሐዋርያው ቶማስ እንደተቀበሉት ሲነግራቸው ሰምተው ከዚያ ወዲህ «ያ ልጅ» እያሉ ይጠሩት ጀመር። ከሃይማኖቱ ጭንቀት ገላገሉኝ፤ ሌላው ጭንቀት ግን የእኔ ሆኖ ቀረ።

የአስተማሪው ውል በሰኔ ያልቅ ነበር። ስለዚህ ለፋሲካ ሁለቱም አዲስ አበባ ወርደው ከአገሩ ኤምባሲ ጠይቀው መጡ። ይዘው የመጡት ሦስት መንገድ ነው። አንደኛው፣ የእሱ ቤተሰብ የጥሪ ወረቀት ልኮ በእጮኛነት መግባት ነው፤ ይኼ ቶሎ ይሆናል፣ ግን ለአጭር ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ቪዛ ስለሆነ በዚያ ጊዜ ውስጥ ካልተጋቡ መመለስ አለባት። ሁለተኛው፣ በእሱ ከተማ ባለው የነርሶች ትምህርት ቤት ተመዝግባ በተማሪነት መግባት ነው። ሦስተኛው፣ እዚሁ ተጋብተው፣ ወረቀቱ ተተርጉሞና ማኅተም ተመቶበት በሚስትነት መግባት ነው። ይኼኛው ብዙ ቢሮ ያዞራል። እሱ ቀድሟት ሄዶ እሷ ለብቻዋ ልትጠብቅ ትችላለች።

እሱ የመጀመሪያውን ይፈልጋል፤ እናቱ በራሳቸው ቤተ ክርስቲያን ሲዳር ማየት ናፍቀዋልና። ልጄ ሁለተኛውን ትፈልጋለች፤ ነርስ መሆን የልጅነት ምኞቷ ነው። እኔ ሦስተኛውን ነበር የምፈልገው። የባለቤቴ ወንድም ደግሞ፣ ቡሬ ድረስ ሄጄ ስነግራቸው፣ ከሦስቱም አንዱንም እንደማይፈልጉ ነግረው መለሱኝ። ሆኖም ያለ እሳቸው ልጅ መዳር አይቻልም፤ እሳቸውም ያውቁታል። «መጥቼ ላየው እችላለሁ፤ ማየት አይከለከልም» ብለው ነው የመጡት።

እሑድ ጠላው ቀርቦ፣ ዳቦው ተባርኮ እንደተቆረሰ የመጀመሪያውን ቃል የተናገሩት እሳቸው ናቸው። ሰባት ቤት ሳይቆጠር ልጅ አይሰጥም አሉ።

የነፍስ አባቴ ፈገግ ብለው፣ «ከሕንድ ጋር ምን ዝምድና ይኖረን ብለው ነው?» አሏቸው።

«የሚያውቅ ማን ነው አባ? ኢየሩሳሌም ብሎ ወጥቶ ያልተመለሰ ሰው በየዘመኑ አለ።»

አስተማሪው አማርኛውን ከገበያና ከተማሪዎቹ የለቀመ ስለሆነ ነገሩ ገብቶታል። አልሳቀም። ቀና ብሎ ተቀመጠና በጣቱ ከአባቱ ጀምሮ ቆጠረ። አያቱ፣ ቅድመ አያቱ፣ ከዚያ በላይ ያሉት፣ ማን ቄስ እንደነበረ፣ ማን ከየትኛው መንደር እንደመጣ። እነሱም ለካ ዘር ይቆጥራሉ። ሰባት ደርሶ አልቆመም። ዘጠኝ ላይ ሲደርስ የነፍስ አባቴ በእጃቸው ምልክት አስቆሙትና ወደ ባለቤቴ ወንድም ዞሩ። አሁን የሴቲቱን ወገን መቁጠር የእሳቸው ተራ ነው። ጥሩ አድርገው ጀመሩ። ስድስተኛው ላይ ግን ቆሙ። ጢማቸውን ጎተቱ፣ ጣራውን አዩ።

«ስድስተኛው ቤት ምን ገጠመዎት?» አሏቸው የነፍስ አባቴ። «እንግዳው እኮ ማዶ ተሻግሮ ነው የሚጠብቅዎ።»

«የእኛዎቹ በየዘመቻው የሞቱ ናቸው አባ። ለመቆጠር ጊዜ አላገኙም።»

ያን ጊዜ ሁሉም ሳቀ፤ እሳቸውም ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ ሰውየው ሲሸነፉ ነገር እንደሚያጠብቁ አውቃለሁ።

ከዚያ ወደ ዋናው ነገር ገባን። አስተማሪው የእናቱን ነገር ተናገረ፤ አርጅተዋል፣ በእጮኛነት ብትሄድ ሁለቱም በአንድ አውሮፕላን በሰኔ ይሄዳሉ፣ መለያየት የለም። ልጄም ተናገረች። በትምህርት ቪዛ ብትገባ ማንም ላይ ሸክም ሳትሆን የራሷን ስም ይዛ እንደምትኖር፣ ጋብቻው እንደሚደርስ። በሰው ፊት አንገቷን ሳትደፋ ስትናገር አይቼ ኮራሁ፤ ግን አልተስማማሁም።

ብዙ ጊዜ በሽማግሌ መሀል አልናገርም። በዚያ ቀን ግን ለሳምንታት ጅጋ ገበያ ስመላለስ ያሰብኩትን ሁሉ ይዤ ነበር የተቀመጥኩት።

«ልጄ፣» አልኩት አስተማሪውን፣ «እዚህ እጮኛ ቢባል ሽማግሌው አለ፣ ዘመዱ አለ፣ ጎረቤቱ አለ። ድንበር ላይ እጮኛ ምንድን ነው? እናትህ ቢታመሙ፣ የአገርህ ቄስ ቆይ ቢሉ፣ የተሰጣት ጊዜ ቢያልፍ፣ ያን ዕለት ልጄ የማን ናት?»

«የእኔ ናት» አለ።

«ወረቀቱ እንዲያ ይላል?»

«አይልም።»

«እንግዲያው እንዲያ የሚል ወረቀት እናስጽፍ።»

ልጄ በተማሪነቱ መንገድ ልትከራከረኝ ስትል፣ ተማሪ ትምህርቷን ስትጨርስ ሂጂ ትባላለች፣ ሚስት ግን ትማራለች እንጂ ሂጂ አትባልም አልኳት። በሚስትነት የገባች ነርስነቱንም መማር ትችላለች፣ በባሏም እናት ፊት በቤተ ክርስቲያን መቁረብ ትችላለች። በእጮኛነት ወይም በተማሪነት የገባች ግን መጀመሪያ ሚስት መሆኗን ታስረዳለች። ሚስትነቱ ከፊት ከሆነ ሌሎቹ ሁለቱ መንገዶች ይከተሉታል፤ ከኋላ ከሆነ አይከተሉትም። አስተማሪው ሒሳብ አዋቂ ስለሆነ ነው መሰለኝ፣ ይኼን ጊዜ ራሱን ነቀነቀ። ልጄም ለጥቂት ጊዜ አየችኝና፣ «እማዬ ይኼን ሁሉ በርበሬ እየሰፈርሽ ነው ያሰብሽው?» አለች። አዎ አልኳት።

በቁርባን ይሁን ወይስ በሰማንያ የሚለውን ከነፍስ አባቴ ጋር አስቀድሜ ጨርሼ ነበር። ቁርባን አይፈታም። እዚህ ቆርበው ቪዛው ቢከለከል ልጄ ባል እያላት ባል የሌላት ሆና ትቀራለች፤ ይኼን ፍርሃቴን ስነግራቸው አልተቆጡኝም። በሰማንያ ውል ተጋብተው ይሂዱ፣ ቁርባኑ እዚያ በእናቱ ፊት ይሁን ብለው ፈቀዱልኝ። አሁንም ይኼንኑ ለሁሉም ተናገሩ።

የባለቤቴ ወንድም ዋንጫቸውን አስቀመጡ። «መልካም። በሰማንያ ከሆነ ዋስ ይጥራ።»

ጸሐፊው ብዕራቸውን ቀለም ውስጥ ነክረው ጠበቁ። ነገሩ እዚህ ላይ እንደሚጠብቅ ማወቅ ነበረብኝ። ሰማንያ ያለ ዋስ አይጻፍም። ባል ቢበድል፣ ጥሎ ቢጠፋ፣ የሚጠየቅ ሰው አለ፤ ዘመድ ነው፣ ርስት ያለው ነው፣ ቤቱ የሚታወቅ ነው። ይኼ ልጅ በእኛ አገር አንድ ዘመድ የለውም። ሌሎቹ ሕንዶች በሰኔ አብረውት የሚሄዱ ናቸው። የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር ምስክር እሆናለሁ እንጂ ዋስ አልሆንም ብለው አስቀድመው ነግረውታል። የባለቤቴ ወንድም ይኼን ሁሉ ያውቁ ነበር። ያለ ዋስ ካልተጻፈ ደግሞ የሚቀረው በእጮኛነት መሄድ ነው፣ ወይም መቅረት።

ያን ጊዜ ግሬደር ነጂው ጉሮሮውን ጠረገ። እስከዚያ ድረስ በር አጠገብ ተቀምጦ ዳቦ ነበር የሚበላው። የወሎ ሰው ነው፣ ረጅም፣ የፊት ጥርሱ መሀል ክፍት ያለበት፣ ሲስቅ በእጁ አፉን የሚሸፍን። «እኔ ዋስ እሆነዋለሁ» አለ።

የባለቤቴ ወንድም ከእግሩ እስከ ራሱ አዩት። «አንተስ የማን ነህ?»

«የመንገድ ሥራ ነኝ።»

«መንገድ ሥራ የማን ልጅ ነው? ግሬደሩ ከዚህ ሲያልፍ አንተም አብረህ ታልፋለህ። ለዋሱም ዋስ ሊጠራለት ነው እንግዲህ።»

«የሚፈርመው እኔ ነኝ አባቴ፤ ግሬደሩ መች ፈረመ» አለ ነጂው። ጸሐፊው ሳቃቸውን ለመደበቅ ወረቀቱን አቃኑ። ግን ነገሩ እውነት ነበር። ርስቱ ሩቅ ነው፣ ዘመዱን የሚያውቅ የለም። አስተማሪው ወደ ልጄ ተመለከተ፤ ልጄ ወደ መሬት።

እኔ ይኼን ነጂ የማውቀው በአንድ ነገር ነው። ባለፈው ክረምት በርበሬዬን የጫነ መኪና ከደምበጫ ወዲህ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ተጋድሞ ነበር። ሹፌሩ ትቶት ሄደ። ይኼ ሰው ግሬደሩን አዙሮ ጎትቶ አወጣው፤ ከዚያም ወሬው ደርሶኝ በእግሬ እስክመጣ ድረስ ጆንያዎቹ ላይ ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ አገኘሁት። ለምን አልሄድክም ስለው፣ «ስም ተጽፎበታል እኮ፤ ባለቤት ያለው ዕቃ ጥዬ የት እሄዳለሁ?» አለኝ። ጆንያው ላይ ያለውን ስም አንብቦ ነው የጠበቀኝ።

«የእሱ ዋስ እኔ እሆናለሁ» አልኩ።

የባለቤቴ ወንድም መጀመሪያ ያልሰሙ መሰሉ። ቀጥሎ ሳቃቸው ከሆዳቸው ወጣ።

«እታለም፣ ይኼ ሕንድ ልጅሽን ቢበድል እኛ ዋሱን እንይዛለን። ዋሱ ቢጠፋ የዋሱን ዋስ እንይዛለን። እሷ ደግሞ አንቺ ነሽ። ራስሽን ልትከሽ ነው?»

«እርስዎ ይክሱኛል አያ። እኔም ቀርቤ እመልሳለሁ።»

«እስከ ዛሬ በር ዘግተሽ ለማየት የምትመለሽ ሴት አይደለሽም እንዴ? ምን ነካሽ?»

«ተመልሼ ያየሁት በር ስለሆነ ነው» አልኩ። እንዲህ ብዬ መመለሴ ለራሴም ገረመኝ። ያን ጊዜ አልፈራሁም። ፍርሃቴን ሁሉ ለሳምንታት ፈርቼ ጨርሼው ነበር፤ ለእሑድ የተረፈ አልነበረም።

እሳቸው ሳቃቸውን አቆሙ። ፊታቸው ሌላ ሆነ። «ዋስ የሆነ ሰው ሥራው አንድ ነው» አሉኝ ቀስ ብለው፤ «ሰውየው የት እንዳለ ማወቅ። ይኼን ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ አያ።»

የነፍስ አባቴ መስቀላቸውን ከጉልበታቸው ላይ አነሡ። «ይጻፍ» አሉ።

ተጻፈ። በውሉ ላይ ያስጨመርኩት ሦስት ነገር ነው፤ በአገሩ ቤተ ክርስቲያን እንዲቆርቡ፣ ነርስነቱን እንዲያስተምራት፣ አገሯን ማየት ስትፈልግ እንዳይከለክላት። ጸሐፊው ይኼ የመጨረሻው በሰማንያ ተጽፎ አያውቅም አሉ። እስከ ዛሬ ባሕር ማዶ የሄደ ሰማንያ አልነበረማ አልኳቸው። ግሬደር ነጂው ፈረመ። የባለቤቴ ወንድም በጣታቸው ቀለም ነክተው አተሙ፣ ከዚያም ጣታቸውን በጋቢያቸው ጠረጉና ነገሩ ሁሉ የእሳቸው ሐሳብ እንደነበረ አድርገው ሙሽራውን መረቁት። እኔ በጣቴ አልፈረምኩም። ስሜን በፊደል ጻፍኩ፣ ልክ ጆንያ ላይ እንደምጽፈው፣ ደመቅ አድርጌ።

በሰኔ እሱ ሄደ። እኔና ልጄ ያን ወረቀት ይዘን በአውቶቡስ አዲስ አበባ ወረድን፤ ከቢሮ ቢሮ ዞርን። አንዱ ሹም ወረቀቱን አንብቦ ጓደኛውን ጠርቶ አስነበበውና የሙሽራይቱ እናት የዋሱ ዋስ የሆነችበት ውል አይቶ እንደማያውቅ ነገረኝ። ማኅተሙን ግን መታው። ልጄ ክረምቱን ሙሉ ፍኖተ ሰላም ቆየች። መቆየቷ ከብዷት ነበር፤ እኔም ማየቱ ከብዶኝ ነበር። ነገር ግን ሰው መንገድ ላይ አቁሞ ሲጠይቃት «ባለቤቴ ዘንድ ልሄድ ነው» ስትል እሰማ ነበር። እጮኛዬ አላለችም፤ ትምህርት ቤት አላለችም። ጠያቂውም ሌላ አይጠይቅም። መስቀል እንዳለፈ ቪዛው መጣ፤ በሚስትነት ገባች።

በእናቱ ፊት ቆረቡ። እንደ አገራቸው ወግ አንገቷ ላይ ትንሽ ወርቅ እንዳሰረላት ጻፈችልኝ። ነርስነቱን ተማረች፤ እዚያው ሆስፒታል ሠራች። ሁለት ጊዜ ልጆቿን ይዛ መጥታለች፤ በሁለተኛው ጊዜ እሱም አብሯት መጥቶ የባለቤቴን ወንድም ቡሬ ድረስ ሄዶ ጎበኛቸው። እሳቸውም ስድስተኛውንና ሰባተኛውን ቤት በስተእርጅና አስታውሰውት ኖሮ ሳይጠየቁ ቆጠሩለት። ዛሬ የሉም፤ ነፍሳቸውን ይማር። የነፍስ አባቴም ዐርፈዋል። ማንም ማንን ሳይከስ ቀረ።

የቀረው ግሬደር ነጂው ነው። ልጄ በሄደች በዓመቱ ሥራቸው ወደ ቡሬና ከዚያ ወዲያ ሲዞር ሊሰናበተኝ መጣ። ዋስነቴ አልወረደም፣ ብፈለግ እመጣለሁ አለኝ፤ በእጁ አፉን ሸፍኖ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ደንገጡር የሚባለው አገር አካባቢ ነው፣ ወለጋ ተሻግሯል፣ አገሩ ገብቷል እየተባለ በየጊዜው የሰማሁት አንዱ ከአንዱ አልገጠመልኝም። ከዚያም መንግሥት ተለወጠ፤ ወሬውም ተቋረጠ። የዋስ ሥራ ሰውየው የት እንዳለ ማወቅ ነው ተብሎ በሰው ፊት ተጠይቄ አውቃለሁ ብያለሁ። አሁን አላውቅም።

በዚያ ዘመን በጎጃም መንገድ ላይ ግሬደር ይነዳ የነበረ፣ የወሎ ሰው፣ ረጅም፣ የፊት ጥርሱ መሀል ክፍት የሆነ ሰው የምታውቁ ብትኖሩ፣ በሕይወት ካለ የት እንዳለ፣ ከሌለም የት እንዳረፈ እባካችሁ ንገሩኝ።